አውሮፕላኑ እስኪበር

መቀሱ አልጋው ሥርም አልነበረም። ሚዛን ሠሪው በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንጩን ከወለሉ አጣብቆ፣ ክንዱ እስከደረሰበት ድረስ ዳበሰ። ያገኘው አንድ ነጠላ ካልሲና ሚስቱ ባለፈው ሳምንት "ሌባ ወሰደው" ያለችው የጓዳ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ለመነሳት ሲታገል ከበላዩ ድምፅ ሰማ።

"ምን ጠፍቶብህ ነው?" አለች ሚስቱ። ፀጉሯን አበጥራ፣ የሹራቧን ቁልፎች አንድም ሳታዛንፍ ቆልፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"መቀስሽ።"

"የኔ መቀስ አይጠፋም" አለች ኮራ ብላ። "ሰው ነው እንጂ የሚጠፋው።"

ሳቀና ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ። ዛሬ ጥሩ ቀኗ ነው። በጥሩ ቀኗ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ ሻዩ ስኳር በዛበት ብላ ታማርራለች። በመጥፎ ቀኗ ግን ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ጥግ ይዛ ትቀመጥና የሚሰጧትን ሁሉ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" እያለች ትቀበላለች። ሚዛን ሠሪው በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ ምስጋና የሚጠላው ነገር የለም።

ልብስ ሰፊ ነበረች። መቀሱ ከማሽኗም ከባሏም በፊት አብሯት የኖረ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እጀታው በጣቶቿ ልክ ተበልቶ የለሰለሰ፣ ሲያነሱት ክንድ የሚያወርድ ብረት። በሱ የሙሽራ ቀሚስ ተቆርጧል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆርጧል፣ ባሏ በሚሠራቸው አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ የሚወጠረው ጨርቅ ሁሉ ተቆርጧል። አምና ግን የሳሎኑን መጋረጃ ከመሃል ሰንጥቃ "ለቀሚስ የሚሆን አገኘሁ" ስትል ልጃቸው መቀሱን ወስዳ ደበቀችው። እናት ፈልጋ አገኘችው። ልጅ እንደገና ደበቀችው፤ እናት እንደገና አገኘችው። ከዚያ በኋላ መቀሱ ከልጅም ከአባትም ተሰወረ። ልጅቷ ረቡዕ ዕለት ቤቱን ስትገለብጥ ውላ ስታጣው ሶፋው ላይ ዘጭ አለችና "አባዬ፣ ያ ነገር ሳይገኝ እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስድህ?" አለችው። ምን ያደርጋል፣ ወስዶታል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። የምትመጣው እናቷን ልትወስድ ነው።

ነገሩ የተቆረጠው ከዓመት በፊት ነበር። ከልጅቷ ቤት ብዙም የማይርቅ፣ ጓሮው ዛፍ ያለው፣ እንዲህ የሆኑ ሰዎችን ቀን ከሌሊት የሚጠብቁ ነርሶች ያሉበት መጦሪያ ቤት ተገኘ። ሚዛን ሠሪው እሺም እምቢም ሳይል "አውሮፕላኑ እስኪበር ድረስ ተይልኝ" ብሎ ለመነ። ልጅቷ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር መስሏት ተስማማች።

አውሮፕላኑ ከመቶ ዓመት በፊት በጦርነት ላይ የበረረ የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ቅጂ ነው። አንዱ ካንዱ በላይ የተነባበሩ ሁለት ክንፎች አሉት፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሞተሩ እውነተኛ ቤንዚን ይጠጣል፣ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ በሪሞት ይታዘዛል። ሚዛን ሠሪው ቀን ቀን የሱቅና የፋርማሲ ሚዛን ሲጠግን ይውልና ከሥራ መልስ ጓዳው ገብቶ እንዲህ ያሉትን ሲሠራ ነው ዕድሜውን የፈጀው። የቀድሞዎቹ ቶሎ ነበር የሚያልቁት። ይህኛው ግን አላልቅ አለ። አረንጓዴው ቀለም የጥንቱን አይመስልም ተብሎ ተፋቀ። አፍንጫው ላይ የሚቀመጡት የውሸት መትረየሶች ተሠርተው ፈረሱ፣ ፈርሰው ተሠሩ። የትንሹ አብራሪ ፊት ኮስተር አላለም ተብሎ እንደገና ተቀባ። ነዳጅ የሚሉት ጡረተኛ የታክሲ ሹፌር የልብ ጓደኛው ነው፤ ለሜዳው ሰው ሁሉ ቤንዚን የሚቀላቅለው እሱ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። መጥቶ ባየ ቁጥር "ጦርነቱ ካለቀ መቶ ዓመት አለፈው እኮ፣ ማን ላይ ልትደርስ ነው?" እያለ ይቀልድበታል። ልጅቷም ሞኝ አይደለችም፤ አባቷ እግሩን እየጎተተ እንደሆነ ገብቷታል። ገብቷት ዝም ያለችው ምናልባት እሷም ስላልቸኮለች ይሆናል።

ከዚያ ግን እናትየዋ የጋዝ ምድጃውን ሳትለኩስ ከፍታ ተኛች። ሌላ ቀን ደግሞ በሌሊት ልብሷ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተገኘች፤ ወዴት እንደምትሄድ ቢጠይቋት ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ መሆኑን ተናገረች። ልጇ ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበረች፣ የራሷን ልጆች ከትምህርት ቤት የምታመጣ ሴት ናት። ማታውኑ መጥታ "አባዬ፣ በቃ ይብረር" አለችው።

እሱ እሺ ያለው ግን ለሷ ሲል አይደለም። አንድ ቀን ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ሚስቱ ከኋላው መጥታ "ይሄ ነገር መቼ ነው የሚበረው? ጅራቱን ማን ሊይዝልህ ነው?" ብላ ጠየቀችው። ሞተሩ ሲነሳ አውሮፕላኑ ፈትለክ እንዳይል ከኋላ ተንበርክኮ ጅራቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከተጋቡ ጀምሮ ያንን ጅራት ከሷ በቀር የያዘ የለም። እንዲህ የምታስታውስባቸው ቀኖች እየተመናመኑ እንደሚሄዱ ሐኪሙ ነግሮታል። ጅራት ምን እንደሆነ እያወቀች፣ እሱም ማን እንደሆነ እያወቀች፣ አንዴ ብቻ እንድትይዝለት ፈለገ።

ስለዚህ መቀሱን መፈለጉን ተወው። ክንፎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ አጋደማቸው፣ የአውሮፕላኑን ገላ በጥንቃቄ ከኋላ አስገባ፣ ሚስቱንም ከፊት አስቀምጦ ቀበቶዋን አሰረላት። መንገድ ላይ አነዳዱን ስትነቅፍ ሄደች። "ቀስ በል፣ ከኋላህ እንቁላል እንደጫንክ ቁጠረው" ስትለው የሚያደርገው ጠፋው፤ ይህንኑ ንግግር ከሷ አፍ ስንት ዘመን ሰምቶታል።

ሜዳው ከከተማው ጫፍ ላይ ያለ፣ ሳሩ የታጨደ ገላጣ መሬት ነው። ነዳጅ ቀድሞ ደርሶ ተጣጣፊ ጠረጴዛውን ዘርግቷል። ሚስትየዋን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ? እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ይሄ ሰውዬ ዛሬም ቀለም ሊፍቅ ነበር።"

"እኔ ባልመጣማ ጅራቱን አንተ ልትይዝ ነበር" አለችው። "የታክሲህን በር በገመድ አስረህ ስትነዳ የኖርክ ሰው።"

ነዳጅ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ዞር ብሎ ቤንዚኑን መቅዳት ጀመረ፤ የቀዳው ግን ግማሹ ሳር ላይ ነው። ሌሎቹም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የየራሳቸውን አውሮፕላን ይዘው የሚመጡት ሁሉ፣ ሥራቸውን ትተው ከበቡ። ያ ሲወራለት የከረመ አረንጓዴ አውሮፕላን ክንፉ ሲገጠምለት ማየት ፈልገዋል። አንዱ ጎንበስ ብሎ የክንፉን ስፌት መረመረና በማሽን ነው በእጅ ብሎ ጠየቀ። በእጅ መሆኑን ሚስትየዋ ራሷ መለሰችለት።

እዚህ ላይ ስለ ሚዛን አንድ ነገር መባል አለበት። የዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም ነው፤ ጅራት ላይ ትንሽ ነገር ከተጨመረ አፍንጫ ላይ እጥፍ ድርብ ክብደት ካልታከለ አይካካስም። ሚዛን ሠሪውም ለዚህ ሲል አፍንጫው ውስጥ እርሳስ አቅልጦ አፍስሷል። ከላይኛው ክንፍ ሥር ሁለት ነጥቦች ምልክት ተደርጎባቸዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ አንድ ጣት ከነጥቦቹ ላይ ሲያነሱት አፍንጫው በትንሹ ወደ ታች ማዘንበል አለበት። የሜዳው ሰው ሁሉ ይህን ሕግ የተማረው ከሱ ነው። "አፍንጫ ሲከብድ ትለምነዋለህ፣ ጅራት ሲከብድ ትቀብረዋለህ" ይላቸዋል። ቤት የታየ ሚዛን ሜዳ ላይ ሳይደገም አያስነሳም፣ የቸኮለ ሲያይም እጅ ይዞ ያስቆማል። ሚዛን ብለው የሚጠሩትም በእንጀራው ምክንያት ብቻ አይደለም።

ነዳጅ አንድ ጣቱን ከክንፉ ሥር አስገባና "ና ሚዛን፣ እንየው" አለ።

ሚዛን ሠሪው ወደ ሌላኛው ክንፍ ሊዞር ሲል ሚስቱን አያት። ማንም ሳይነግራት ቀሚሷን ሰብስባ ከአውሮፕላኑ ኋላ ተንበርክካለች። ሁለት እጆቿን ከጅራቱ ግራና ቀኝ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ እሱን ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ነበር፤ ወጣትነቷ፣ ቁጣዋ፣ እሱን ማወቋ። እንዲህ ያለ ፊት ካየ ቆይቷል።

"ይዤዋለሁ" አለችው። "አንተ ልቀቂ ካላልከኝ አልለቅም።"

ድሮም የምትለው ይህንኑ ነበር። ሚዛኑ እንዲታይ እሷ መነሳት አለባት። ከተነሳች ደግሞ ዳር ቆማ መጠበቅ አለባት፣ ስትጠብቅም ዓይኗ ወደ ዛፎቹ፣ ወደ ደመናው፣ ወደማታውቃቸው ሰዎች ይሄዳል፣ ተመልሳ ስትንበረከክ ማን ሆና እንደምትንበረከክ አይታወቅም።

"ትናንት አብረን አይተነው የለ" አለው ለነዳጅ።

"አንተ ነህ ይሄን የምትለው?"

"ልክ ነው ተወው። ላስነሳው ነው።"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሚዛን ሠሪው የቸኮለው ግን አውሮፕላኑን ለማየት አልነበረም።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሳሩ ተኛ፣ የሚስቱ ፀጉር ተበተነ፣ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ እየሳበች ያዘች። ሪሞቱን አንስቶ ክንፎቹና ጅራቱ በትክክል እንደሚታዘዙት አየና "ልቀቂ" ብሎ ጮኸ። ለቀቀች።

ጅራቱ ከመሬት ሳይላቀቅ፣ ፍጥነትም ገና ሳይዝ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ብድግ አለ። ሚዛን ሠሪው በዚያች ቅጽበት አወቀ። አውራ ጣቱ የሪሞቱን ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፋ፣ አውሮፕላኑም ተንገዳገደና በመከራ ቀና አለ። ከዚያ ለአፍታ፣ ዛፎቹ አናት ላይ፣ እውነተኛውን መሰለ። ፀሐይ ጨርቁን ከጀርባ ስታበራው የክንፉ አጥንቶች አንድ በአንድ ታዩ።

"በረ" አለች ሚስቱ። ቆማ ታጨበጭባለች። "በረ፣ እዩት፣ እሱ ነው የሠራው።"

ያን ያህል ነበር። አፍንጫው እንደገና ወደ ላይ ተሰቀለ፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያ በጅራቱ በኩል ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እየተሽከረከረ ከቁጥቋጦው ማዶ ወደቀ። የወደቀበት ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሣጥን እንደ መሰበር ነው። ከዚያ የሞተሩም ድምፅ ጠፋ።

በዚያ ሜዳ ልማድ፣ የወደቀን አውሮፕላን መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱ ነው። እሱ ካልተጣራ ማንም አይከተለውም። ሚዛን ሠሪው ሪሞቱን ለነዳጅ ሰጥቶ፣ ሚስቱ ጋ እንዲሆንለት ለምኖ ብቻውን ሄደ።

አፍንጫው እስከ መትረየሶቹ ድረስ መሬት ውስጥ ገብቷል። የላይኛው ክንፍ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ጨርቁ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚስቱ ስፌት ግን አልተተረተረም። ገላው ከወገቡ ላይ ተቆርጦ ጅራቱ ለብቻው ቀርቷል፤ ከሥሩ ያለችው፣ የጅራቱን ገመዶች ለማስተካከል ሲል እሱ በማግኔት እንድትዘጋ አድርጎ የሠራት ትንሽ ክዳን ተከፍታለች። ከውስጥ አንድ ነገር ታየው። መጀመሪያ ረስቶ የተወው የራሱ መሣሪያ መሰለው።

አወጣው። ከክንፉ በተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። አስተሳሰሩ ሚስቱ ደንበኛ ለሚወስደው ልብስ የምታስረው ዓይነት ነው፣ ዘለበቱ ሳይቀር። ከባድ ነበር። ሳይፈታውም አውቆታል፤ ክንድ የሚያወርድ ሌላ ምን አለ። ቢሆንም ፈታው። የጨርቁ ውስጠኛ ገጽና የመቀሱ ስለት ላይ ቡናማ የሆነ የደረቀ ደም ነበር።

ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። የጓዳው ቁልፍ አልጋ ሥር ተጥሎ ሳምንቱን ሙሉ በሩ ተከፍቶ ማደሩን፣ ትናንት ልጅቷ በስልክ "ነገ እመጣለሁ" ስትል ሚስቱ አጠገቡ ቆማ መስማቷን፣ ከዚያ እሱ ተኝቶ ማደሩን አንድ ላይ ገጣጠመ። አለቀሰ። ከሩቅ ያዩት ለአውሮፕላኑ የሚያለቅስ መሰላቸው።

ሲበቃው ፊቱን በክንዱ ጠርጎ፣ መቀሱን ከነጨርቁ ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ ከትቶ ሰዎቹን ጠራ።

ነዳጅ ሚስትየዋን ለአንዱ አደራ ሰጥቶ እየሮጠ መጣ። ሬዲዮው ይሆን፣ ገመድ ተበጥሶ ይሆን እያለ ጠየቀ። ወጣቶቹም ከኋላው ደርሰው ከበቡ።

"ጅራቱ ነው የከበደው" አለ ሚዛን ሠሪው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። "ከትናንት በኋላ ባትሪውን ወደ ኋላ አዛውሬው ነበር። ሚዛኑን መልሼ አላየሁም።"

አንዱ ወጣት የሌላውን ክንድ ነካ አደረገ። የዛሬ ወሬ የት እንደሚደርስ ሚዛን ሠሪው አወቀው፤ ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ ላይ እሱ ሌላውን እጅ ይዞ ሲያስቆም ሰው ሳቁን በእጁ ይሸፍናል። ነዳጅ ጎንበስ አለና ወደ አፍንጫው ተመለከተ። ባትሪው ትናንት በነበረበት ቦታ፣ ከእርሳሱ ጀርባ ተቀርቅሮ በስንጥቁ ይታያል። ቀና ሲል ዓይኑ ያበጠው ኮት ላይ ትንሽ ቆየ።

"ያጋጥማል" አለ ነዳጅ፣ ከዚያም ስብርባሪውን ባትሪው ላይ መከመር ጀመረ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

መኪናው ውስጥ ሚስቱ አሁንም ደስ ብሏት ነበር። መብረሩን እንዳየ ደጋግማ ጠየቀችው፣ እሱም ማየቱን ደጋግሞ ነገራት። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ ቀኝ እጇን ያዘና መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠው። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ መዳፏ መሃል የወረደ መቆረጥ ነበር። የዛሬ አይደለም፣ ቀናት አልፈውታል። በላዩ ላይ ነጭ፣ የደረቀ፣ የሚያንጸባርቅ መስመር አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሱፐር ግሉ ነዋ" አለች፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት። "አንተ ስትቆረጥ የምታደርገው አይደል?"

እውነቷን ነው። አውሮፕላን ሠሪ ሁሉ ጣቱን ሲቆርጥ እንጨት በሚያጣብቅበት ሙጫ ቁስሉን አጣብቆ ሥራውን ይቀጥላል። ዕድሜዋን ሙሉ ሲያደርገው አይታለች። ያን ያህል ደም ሲፈስ፣ እሷ ብቻዋን ጓዳው ውስጥ ቆማ ቁስሏን ስታጣብቅ እሱ የት እንደነበረ አያውቅም። የፋርማሲ ሚዛን ላይ የትንኝ ክንፍ ቢወድቅ የሚያይ ሰው፣ አብራው ከአንድ ማዕድ የምትበላ ሴት እጅ ላይ ይህን ሳያይ ከርሟል።

"መቀስሽን የት አደረግሽው?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወደ መስኮቱ አየች፣ ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ወደሱ ጠጋ አለች።

"ለልጅቷ እንዳትነግራት። ትወስድብኛለች።"

"አልነግራትም።"

"አንተ ጋ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እኔ ጋ የት?"

"ማንም የማይነካው ቦታ" አለችና ፈገግ አለች። "ያንተን ዕቃ ማን ይነካል?"

መቀሱ ደረቱ ላይ ሲከብደው ይሰማዋል። ሞተሩን አስነስቶ ነዳ፣ ቀስ ብሎም ነዳ፣ እሷ ግን ስለ አነዳዱ ምንም አላለችም። ከተማው መሃል ሲደርሱ የትራፊክ መብራት አስቆማቸው። ወደ ኋላ ዞራ ብርድ ልብስ የለበሰውን ስብርባሪ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ስትመለስ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"ጋሼ" አለችው፣ በትሕትና። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ከኋላ ያለው የባለቤቴ ነው። ሳያየው ቢጠግኑለት። ብዙ የደከመበት ነው፣ ሆድ ይብሰዋል። ጨርቁን እኔ እቆርጥልዎታለሁ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

"እሺ እትዬ" አላት። "እጠግንለታለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ልጅቷ ቀድማ ደርሳ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገብታለች። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የባንኩ መታወቂያ አንገቷ ላይ ነው። ሳህን አጥባለች፣ የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ አልጋው ላይ ደርድራለች፣ አባቷን የምትማጸንበት ቃል ሁሉ በልቧ ተዘጋጅቷል። አባቷ የተሰበረ ክንፍ ታቅፎ ሲገባ ስታይ ግን የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋት። እናቷን ከበሩ ተቀብላ፣ ወንበሯ ላይ አስቀምጣ፣ ሻይ ሰጠቻት። እናትየዋ ልጇን አመስግና ተቀበለቻት፣ በሰው ቤት እንደሚመሰገነው።

ሚዛን ሠሪው ክንፉን ግድግዳ አስደግፎ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ከኮቱ ውስጥ መቀሱን አወጣና አስቀመጠው። ጨርቁን ግን ኪሱ ውስጥ አስቀርቶታል፣ ስለቱንም መንገድ ላይ በመሐረቡ ጠርጎታል።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። "የት ተገኘ?"

"እኔ ጋ ነበር።"

"አንተ ጋ? ረቡዕ ዕለት ስፈልግ ስውል?"

"እኔ ጋ ነበር አልኩሽ።"

አባቷን አየችው፣ ከዚያ ክንፉን፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ያለችውን እናቷን። ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ አሸችው። ስትናገር ቁጣ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ ድካም ብቻ ነው የነበራት።

"በቃ እንግዲህ" አለች። "መቀሱ ከተገኘ… አውሮፕላኑም ካልበረረ… ቃላችን እስኪበር ድረስ ነበር። እስክትጠግነው ልጠብቅህ እችላለሁ አባዬ። ቦታዋን ትንሽ እንዲያቆዩልኝ እነግራቸዋለሁ።"

እንዲህ ትለዋለች ብሎ አላሰበም። ዓመት ሙሉ ሲለምነው የኖረው ነገር ሳይለምን መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠለት። ክንፉን መልሶ ሲያጣብቅ፣ ቀለሙን ሲፍቅ፣ አብራሪውን ኮስተር ሲያደርግ፣ እሷ ከኋላው ቆማ መቼ እንደሚበር ስትጠይቀው ታየው። አንድ ዓመት። ከቻለ ሁለት። የሚጠበቅበት "አልበረረም" የምትል አንዲት ቃል ናት፣ እሷንም ልጅቷ ራሷ ብላለታለች።

ሚስቱ የሻይ ብርጭቆውን በቀኝ እጇ ይዛዋለች። ሙቀቱ ሲነካት ጣቶቿን ከፈት አደረገች፣ ነጩ መስመርም መዳፏ ላይ ታየ።

"በሯል" አለ።

"ምኑ?"

"አውሮፕላኑ። በሯል።"

"አባዬ፣ ተሰባብሮ እያየሁት?"

"መውደቁ ሌላ ነገር ነው። እናትሽ ጅራቱን ይዛልኛለች፣ ልቀቂ ስላት ለቃለች፣ በሯል። አጨብጭባለች።" ዞር አለ። ወደ መኝታ ክፍሉ እየሄደ ጨመረ፦ "ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው ያለው። አንቺ አትደርሺበትም፣ እኔ ላውርደው። እጇን ደግሞ ሐኪም ይይላት።"